ሲወለድ ነርቩ የተጎዳ እጅ፦ ቀዶ ሕክምናው ምን ይሠራል? ጊዜውስ መቼ ነው?

ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው አልወጣ ብሎ አዋላጆችን ያስጨነቀ ሕፃን በመጨረሻ ሲወለድ አንዳንድ ጊዜ አንዱ እጁ አብሮት አይነቃም። ያለቅሳል፣ እግሮቹን ያወራጫል፣ ደኅነኛውን እጁን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል፤ ሌላው ግን ክርኑ ሳይታጠፍ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ ከጎኑ ተጋድሞ ይቀራል። ይህን ቀድማ የምታየው አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም አራሷን የምታርሰው ሴት ናት፤ ሕፃኑ ከተጠቀለለበት ተፈትቶ ገላውን ሲታጠብ። ከዚያ «ወለምታ ነው»፣ «ተኝቶበት ነው»፣ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉ ምክሮች ይከተላሉ። ወጌሻም ይጠራል።

ከእነዚህ ምክሮች አንዱ፣ «ይተወዋል» የሚለው፣ ለብዙዎቹ ልጆች እውነት ሆኖ ይገኛል። ለጥቂቶቹ ግን እጃቸውን የሚያሳጣ ምክር ነው። እነዚህ ጥቂቶች እንዴት እንደሚለዩ፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ምን እንደሚያደርግላቸው፣ ጊዜውም ለምን እንደሚያመልጥ እያንዳንዱ ወላጅና እያንዳንዱ የጤና ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል።

የእጅ ትእዛዝ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር ይወርድና በአምስት የነርቭ ሥሮች ይወጣል፤ አራቱ ከአንገት፣ አምስተኛው ከደረት የላይኛው ጫፍ። ሐኪሞች ከላይ ወደ ታች ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7፣ ሲ8 እና ቲ1 እያሉ ይጠሯቸዋል። አምስቱ ከአንገት ጎን ይገናኛሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ እንደገና ይከፋፈላሉ፤ ከዚያም በትከሻው አግድም አጥንት ሥር አልፈው በብብት በኩል ወደ ክንድ ይወርዳሉ። መረቡ ብራኪያል ፕሌክሰስ ይባላል። በጥቅሉ የላይኞቹ ሁለቱ ትከሻን ያነሣሉ፣ ክርንንም ያጥፋሉ፤ መካከለኛው ክርንን፣ የእጅ አንጓንና ጣቶችን ለመዘርጋት ዋናው ነው፤ የታችኞቹ ሁለቱ ጣቶችን ያጨብጣሉ፣ በመዳፍ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጡንቻዎችም ያንቀሳቅሳሉ። እርሳስ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ ያለ እነዚህ የታችኞቹ ሥሮች አይሆንም።

ጉዳቱ የሚደርሰው አንገትና ትከሻ ሲራራቁ ነው። የሕፃኑ ትከሻ ከእናቲቱ የዳሌ የፊት አጥንት ጀርባ ተቀርቅሮ ሳለ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ከተሳበ በሌላው ጎን ያለው መረብ ይለጠጣል። ቀድመው የሚጎዱት የላይኞቹ ሥሮች ናቸው፤ ኃይሉ ከበረታ ጉዳቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሕፃን፣ የስኳር ሕመም ካለባት እናት የሚወለድ፣ በመሣሪያ ተስቦ የሚወጣ ወይም በመቀመጫው የሚመጣ ሕፃን ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መዝገብ በደንብ በሚያዝባቸው አገሮች ከ1,000 ልደቶች በ1 ወይም በ2 ገደማ ይታያል። በቀዶ ሕክምና የተወለዱ ሕፃናትም፣ ቁጥራቸው እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ከዚህ ጉዳት ሙሉ በሙሉ አያመልጡም።

አዋላጅዋን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ቢያስብ እወዳለሁ። ትከሻው የተቀረቀረ ሕፃን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልወጣ ይታፈናል፤ በዚያ ሰዓት የምትታገለው ለሕይወቱ ነው። ሥልጠና ግን ልዩነት ያመጣል። የእናቲቱን ጭኖች ወደ ሆዷ አጥፎ መግፋት፣ ከብልት አጥንቷ በላይ መጫን፣ ወይም በኋላ በኩል ያለውን የሕፃኑን ክንድ ቀድሞ ማውጣት ብዙውን ጊዜ ትከሻውን ያስለቅቃል። ጭንቅላቱን መጎተት ነርቭ ይጎዳል፤ የእናቲቱን ሆድ ከላይ ወደ ታች መጫን ደግሞ ትከሻውን ይበልጥ ያጣብቀዋል።

ጉዳቱ ሳይታከም ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ቪልሄልምን ፎቶግራፎች መመልከት ይበቃል። በ1859 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመቀመጫው መጥቶ ተወለደ፤ የግራ ክንዱ አልሠራ አለ፣ እያደገ ሲሄድም ከቀኙ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ቀረ። በፎቶግራፎቹ ላይ ግራ እጁ ጓንት ጨብጦ ወይም በሰይፍ እጀታ ላይ አርፎ ነው የሚታየው። የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች በኤሌክትሪክ ነዘሩት፤ ክንዱን ወዲያው በታረደ ጥንቸል ሥጋ ውስጥ ሳይቀር ነከሩት። በ1874 ጀርመናዊው ቪልሄልም ኤርብ የላይኞቹን ሥሮች ጉዳት፣ በ1885 ደግሞ በፓሪስ ገና ተማሪ የነበረችው ኦጉስታ ክሉምፕኬ የታችኞቹን ጉዳት በትክክል ገልጸው ጻፉ። የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ሮበርት ኬኔዲ በ1903 የተበጠሱ ነርቮችን በሕፃናት ላይ እንደሰፋ አሳወቀ። በዚያ ዘመን ማደንዘዣና መሣሪያ ሕፃናትን በደኅና ለማሳለፍ አይበቃም ነበርና ሥራው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተተወ። የተነሣው በማይክሮስኮፕ ሥር መስፋት ከተቻለ በኋላ ነው፤ የቪየናው ሃኖ ሚሌሲ ነርቭን ሳይወጥሩ መተካትን አስተማረ፣ በፓሪስ አሌን ዢልቤር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ በሕፃናት ላይ ሠራበት።

አሁን ወደ ነርቩ እንመለስ፤ የልጁን ዕጣ የሚወስነው የጉዳቱ ዓይነት ነውና። ነርቩ ተለጥጦ ብቻ ከሆነ በቀናት ወይም በሳምንታት ሥራውን ይጀምራል። በውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑ ደኅና ከሆነም ክሮቹ በሽፋኑ ውስጥ ራሳቸው ያድጋሉ፤ ይህ ወራት ይወስዳል። ነርቩ እስከ ሽፋኑ ከተበጠሰ ግን ለማደግ የሚሞክሩት ክሮች መንገድ አጥተው ከጠባሳ ጋር ይጠላለፉና ኒውሮማ የሚባል ጠንካራ እብጠት ይሠራሉ። ከሁሉ የከፋው ሥሩ ከኅብለ ሰረሰሩ ጭራሹን ሲነቀል ነው። የተነቀለ ሥር በራሱ አይድንም፣ ወደ ቦታው መልሶ መስፋትም የተለመደ ሕክምና አይደለም። የላይኞቹ ሥሮች ብዙውን ጊዜ ይበጠሳሉ፤ የታችኞቹ፣ እጅን የሚያንቀሳቅሱት፣ በዙሪያቸው የሚይዛቸው ሥጋ ደካማ ስለሆነ መነቀል ይቀናቸዋል።

አብዛኞቹ ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድኑት። ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ግን ቀሪ ጉዳት ይዘው ያድጋሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እጆች ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጠበቅ ራሱ የምርመራው አካል ነው፤ መጠበቅ ስል ግን እየተመለከቱ፣ እየመዘገቡ ነው።

ሐኪም ቀድሞ የሚያየው እጁን ነው። ትከሻውና ክርኑ ባይሠሩም ጣቶቹ የሚጨብጡ ከሆነ ጉዳቱ የላይኞቹ ሥሮች ነው፤ ተስፋው ሰፊ ነው። ክንዱ ከትከሻ እስከ ጣት እንደ ጨርቅ ከተንጠለጠለ አምስቱም ሥሮች ተጎድተዋል። ከዚህ ጋር በዚያው ወገን ያለው የዓይን ቆብ ወረድ ካለና ብሌኑ ከሌላው ዓይን ካነሰ፣ ይህ ሆርነር የሚባል ምልክት ነው፤ የመጨረሻው ሥር ከኅብለ ሰረሰሩ መነቀሉን በብርቱ ያመለክታል። እናቶች ይህን «አንድ ዓይኑ ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል» ብለው ይገልጹታል፤ ከእጁ ጋር የሚያገናኘው ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሕፃኑ ሲተነፍስ አንዱ ወገኑ አልነሣ ካለ ደግሞ ከሳንባ ሥር ወዳለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ድያፍራም የሚሄደው ነርቭም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። የአጥንት ስብራት መኖር አለመኖሩ በራጅ ይታያል፤ የተሰበረ ክንድም አይንቀሳቀስምና። ሲወለድ ደኅና የነበረ እጅ ከቀናት በኋላ መንቀሳቀስ ካቆመ፣ በተለይ ትኩሳት ካለ፣ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ቀኑን ለመቁጠር ለእኛ አገር ወላጅ የሚመች አንድ መርሐ ግብር አለ፤ የክትባት ካርዱ። ሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ የኩፍኝ ክትባቱን በ9 ወሩ ይወስዳል። እነዚህ ቀኖች ለእጁ ከሚያስፈልጉት የምርመራ ቀኖች ጋር የተስማሙ ናቸው ማለት ይቻላል። በ6 ሳምንቱ እጁ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ወደ ስፔሻሊስት ሪፈር ሊጻፍለት ይገባል። 14ኛው ሳምንት ሦስት ወር አልፎ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ክርኑን በራሱ ኃይል የማያጥፍ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ መወሰኛው ሰዓት ደርሷል። የሦስት ወሩ መለኪያ የመጣው ከፓሪሱ ቡድን ነው። የካናዳ ቶሮንቶ ሐኪሞች የላይኛው ጉዳት ብቻ ያለበትን ልጅ እስከ 9 ወሩ እየመረመሩ ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻም ክንዱን ከጎኑ ይዘው ቁራሽ ብስኩት በእጁ ያስይዙትና ክርኑን አጥፎ ወደ አፉ ማድረስ መቻሉን ያያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። መላው ክንዱ ለሰለለበት፣ የዓይን ምልክትም ለታየበት ሕፃን ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ፦ በሦስት ወሩ አካባቢ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት። ይህን ልጅ እስከ ኩፍኝ ክትባቱ ድረስ ማቆየት መዳኛውን ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚህ ቃሌ ላይ ማለዘቢያ አልጨምርበትም።

የችኮላው ምክንያት የነርቭ ዕድገት ፍጥነት ነው። ከተሰፋ በኋላ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትእዛዝ ያጣው ጡንቻ በበኩሉ እየመነመነ ይሄዳል፤ ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም የሚቀበለው ቦታ ይጠፋል። ወላጅ በበኩሉ ዛሬ ሊያደርግ የሚችለው ቀላል ነገር አለ፦ በየወሩ ሕፃኑን ልብሱን አውልቆ፣ በጀርባው አስተኝቶ፣ እጆቹን በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ። ሐኪም ፊት የተኛ ወይም የሚያለቅስ ሕፃን ያላሳየውን እንቅስቃሴ ቪዲዮው ያሳያል፤ ለውጥ መኖር አለመኖሩም ከቃል ይልቅ በዚህ ይታወቃል።

ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ሕፃኑ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ነው። ጡንቻን የሚያላላው መድኃኒት ግን ቀዶ ሐኪሙ ነርቮቹን በሚፈትንበት ሰዓት መሥራት የለበትም። እያንዳንዱን ሥር በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካ የትኛው ጡንቻ እንደሚነቃ ያያልና፣ መድኃኒቱ ካለ ጡንቻው ዝም ያለው ከጉዳቱ ይሁን ከመድኃኒቱ አይለይም። ከትከሻው አጥንት በላይ በአንገቱ ጎን ይከፍታል፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ጠባሳውን እየገለጠ አምስቱን ሥሮች አንድ በአንድ ያገኛል። ኒውሮማው ጤነኛ የነርቭ ክሮች እስኪታዩ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። አሁን በሁለቱ ጫፎች መካከል ሳንቲ ሜትሮች የሚሆን ክፍተት አለ፤ ጎትቶ ማገናኘት አይቻልም፣ የተወጠረ ነርቭ አይድንምና። ስለዚህ ከሕፃኑ ባት ጀርባ የስሜት ነርቭ ይወሰዳል፣ ይቆራረጣል፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ ክፍተቱን ይሞላል። የሚሰፋው ከፀጉር በቀጠነ ክር ወይም ከደም ንጥረ ነገር በተሠራ ሙጫ ነው። የተተከለው ነርቭ እንደ ተቆፈረ የመስኖ ቦይ ነው፤ የራሱ ክሮች ይሞታሉ፣ ባዶው ቦይ ይቀራል፣ ከአንገት በኩል የሚመጡት አዳዲስ ክሮች በዚያ ውስጥ ያድጋሉ። ልጁ የሚከፍለው ዋጋ በእግሩ ውጫዊ ጎን ላይ የሚቀር ትንሽ የደነዘዘ ቦታ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች አያስተውሉትም።

ለተነቀለ ሥር ግን የሚሰፋበት ጉቶ የለም። ያኔ ሌላ ሥራ ያለው ጤነኛ ነርቭ ይዛወራል። ትከሻን ወደ ጆሮ ከሚያነሣው ነርቭ አንዱ ቅርንጫፍ ክንድን ወደሚያነሣው ይገናኛል፤ በጎድን አጥንቶች መካከል የሚያልፉ ነርቮች ክርንን ወደሚያጥፈው ጡንቻ ይወሰዳሉ። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ኦበርሊን በ1994 ያስተዋወቀው መንገድ ደግሞ ወደ እጅ ከሚሄደው ኡልናር ነርቭ አንዲት ቀጭን ክር ወስዶ ክርንን በሚያጥፈው ጡንቻ አጠገብ መስፋት ነው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይሠራል፤ የሚሆነው ግን የታችኞቹ ሥሮቹ ደኅና ለሆኑለት ልጅ ብቻ ነው።

አምስቱም ሥሮች ሲጎዱ ቀዶ ሐኪሙ ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። ያለው የነርቭ ጉቶ ጥቂት ነው፤ የሚጠብቁት ደግሞ ትከሻው፣ ክርኑና እጁ ናቸው። አዋቂ ሰው በሞተር ብስክሌት አደጋ ይህ ጉዳት ሲደርስበት ቀድሞ የሚታሰበው ክርን ነው፤ ከአንገት እስከ መዳፍ ያለው መንገድ በጣም ረጅም ስለሆነ ነርቩ ከመድረሱ በፊት የመዳፍ ጡንቻዎች ይሞታሉ። የሦስት ወር ሕፃን ክንድ ግን አጭር ነው፤ ያን መንገድ ነርቭ በወራት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል፣ አንጎሉም አዲሱን መንገድ ለመልመድ ገና ለጋ ነው። ለዚህ ነው በሕፃናት ላይ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው፦ እጅ ይቀድማል። የላይኛው ሥር ተበጥሶ ጉቶው ካለ፣ ያ ጠንካራ ጉቶ ትከሻውን ትቶ በንቅለ ተከላ ወደ ታችኛው የመረቡ ክፍል፣ ወደ ጣቶቹ ይመራል። ትከሻና ክርን ከጎድን እና ከአንገት በሚዛወሩ ነርቮች ይታገዛሉ። ትከሻው ሙሉ በሙሉ የማይነሣ ልጅ ጎንበስ ብሎም ቢሆን ሥራውን ይሠራል፤ የማይጨብጥና የማይሰማው እጅ ግን ልጁ ራሱ ይረሳዋል።

ከፓሪስና ከኔዘርላንድስ ሌይደን የወጡ ውጤቶች እንደሚያሳዩት በዚህ መንገድ ከታከሙት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚጠቅም እጅ አግኝተዋል። የሚጠቅም ማለት እንደ ሌላው ማለት አይደለም። ሌላው እጅ ሲጽፍ ወረቀቱን የሚይዝ፣ ሌላው እጅ ሲከፍት ጠርሙሱን የሚጨብጥ ረዳት እጅ ነው። ወላጅ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። እንዲሁም ኒውሮማው ሲቆረጥ ልጁ ቀድሞ የነበረውን ጥቂት እንቅስቃሴ ለወራት ሊያጣ እንደሚችል፤ ይህን ያልሰማ ቤተሰብ «እጁን አባሱት» ብሎ ያዝናል። የማደንዘዣ አደጋ፣ የደም መፍሰስ፣ የሳንባ ሽፋን መቀደድ፣ ወደ ድያፍራም የሚሄደው ነርቭ መጎዳት አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ፤ ስለዚህ ሥራው የሕፃናት ማደንዘዣ ባለሙያ፣ ማይክሮስኮፕና የነርቭ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ባሉበት ቦታ ብቻ የሚደረግ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በየከተማው አይገኝም፤ ሪፈሩ ቀድሞ መጻፍ ያለበትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንዱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ከደረቱ ጋር ታስሮ ይቆያል። ከዚያ የሚመጣው ረጅም ዝምታ ነው። ክርኑ መታጠፍ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት በኋላ ነው፤ ጣቶች ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ መሻሻሉም ለዓመታት ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁ ማድረግ የቤተሰቡ ሥራ ነው። ዳይፐር ወይም ጨርቅ በተቀየረ ቁጥር ክርኑን ከጎኑ አስጠግቶ ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ማዞር፣ የእጅ አንጓውን ማቅናት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ መዘርጋት፤ አኳኋኑን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያል። የወጌሻ ጉተታ እዚህ ቦታ የለውም፤ የለሰለሰ ክንድ የሚከላከልበት ጡንቻ ስለሌለው መገጣጠሚያው በቀላሉ ይወልቃል።

ስሜት የሌለው እጅ ጥበቃም ይፈልጋል። አንዳንድ ሕፃናት ስሜቱ ሲመለስ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ጣቶቻቸውን እስኪቆስሉ ይነክሳሉ፤ ቀጭን የጨርቅ ጓንት ማልበስ ያግዛል። መዳኽ የጀመረ ልጅ ከጀበናና ከከሰል ምድጃ መራቅ እንዳለበት ለማንም ግልጽ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ቢቃጠል ላይሰማውና እጁን ላያነሣ ይችላል።

ጊዜው ያለፈባቸው ልጆችስ? ነርቭ መስፋት ባይሆንላቸውም ጡንቻና ጅማት ማዛወር አለ፤ ለዚህ የሦስት ወሩ ገደብ አይሠራም። ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ የቀረ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ከጀርባ የሚመጣ ጡንቻ ወደ ትከሻው ኋላ ተዛውሮለት እጁን ወደ ራሱ፣ ወደ አፉ ማድረስ ሊችል ይችላል። የትከሻው ኳስ ከመገጣጠሚያው ወደ ኋላ እየሸሸ ከሆነ ግን ይህም ሳይዘገይ መታየት አለበት፤ አጥንቱ በዚያው ቅርጽ ያድጋልና። ወደ ታች የተንጠለጠለ የእጅ አንጓ፣ ጣትን ከሚያጥፉት ወይም አንጓውን ወደ ታች ከሚስቡት ጡንቻዎች አንዱ ጅማቱ ወደ ላይኛው ጎን ተዛውሮ ሊቀና ይችላል፤ አንጓው ሲቀና ደካማ የነበሩት ጣቶችም የተሻለ ይጨብጣሉ። ምንም የሚዛወር ጡንቻ በክንዱ ላይ ከሌለ፣ ከጭን ውስጠኛ ጎን ግራሲሊስ የሚባለው ጡንቻ ከነደም ሥሩ ተወስዶ በክንዱ ላይ ይተከላል፤ ከጎድን በሚመጣ ነርቭ ይገናኛል፣ ክርኑን ወይም ጣቶቹን እንዲያጥፍ ይደረጋል። ለእነዚህ ሁሉ መገጣጠሚያው ያልደረቀ መሆን አለበት፤ በየቀኑ የሚደረገው የክንድ ማፍታታት ሥራ የስምንት ዓመት ልጅ ላይም አይቋረጥም።